ወደ ቂብላ የዞረው መቀመጫ

ለውድ እህቴ ለኢቲሳም፣ ሪያድ

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያንን የድንጋይ ያህል ምንጣፍ እያስጠቀለሉሽ ነው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? ማዳምሽ ከሐጅ ወዲህ ጠባይዋ ለስለስ ብሏል ብለሽኝ ነበር፤ አላህ ያጽናላት፣ ልስላሴውን ማለቴ ነው። እኔ ወንድምሽ አብዱልመናን፣ ባለቤቴ መስኡዳ፣ ልጃችን ራህማም በአካል ደህና ነን፣ ሐምዱሊላህ። እማዬን ግን ደህና ናት ብዬ ልጽፍልሽ ብሞክር እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወረቀቱን ያስነሳኝም የእሷ ነገር ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንዳትይ። በደወልሽ ቁጥር እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጉት ትላለች፣ አጠገቤ ተቀምጣም የአንቺን ጥያቄና የእኔን መልስ ታዳምጣለች። ስለዚህ የጎረቤታችን የራህመት የሪያድ ጉዞ ሲቆረጥ ጊዜ፣ ይህን በልብሷ መሃል ይዛልሽ እንድትመጣ ለመንኳት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ ያው የሽንት ቤቱ ነገር ነው። አንቺ በላክሽው ብር በ2011 ሲሠራ፣ አገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ ይል ነበርና፣ ለውጡ እኛ ቤት በሽንት ቤት በኩል ገባ እያልን ስንስቅ ነበር። አሻግሬ፣ የሐይቅን ቧንቧ ሁሉ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ሠራተኛ፣ ነጩን መቀመጫ ከበሩ ትይዩ አቆመው። ጎረቤት ለማየት ተሰበሰበ። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየችውና ቂብላው በየት በኩል ነው ብላ ጠየቀች። ወደሚሰገድበት አቅጣጫ ዞሮ ለሽንት መቀመጥ ነውር መሆኑ ያኔ ትዝ አለን። መቀመጫው ወደ ወልድያ መንገድ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቂብላ ዞሯል። ቀለሙን ስንመርጥ ሳምንት የፈጀን ሰዎች፣ የሚቀመጥበት ሰው ፊቱ ወዴት እንደሚሆን ያሰበ አንድም አልነበረንም። አሻግሬ ክርስቲያን ቢሆንም የወሎ ልጅ ነውና ከእኛ ይልቅ እሱ አፈረ። እትዬ ዘሀራ ይቅር ይበሉኝ፣ እንዴት ሳትኩ ብሎ በማግስቱ ሲሚንቶውን ሰብሮ ወደ ጎን አዞረው።

እስከዚህ ያኔ ነግሬሽ ስቀሻል። ያልነገርኩሽ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። መቀመጫው ሲዞር ከሥር ያለው ቱቦ እንደነበረ ቀረ። ሁለቱን ለማገናኘት አሻግሬ ጎሚቶ የሚሉትን ማጠፊያ አስገባ፤ በዚያ የተነሳ ቱቦው ቁልቁለቱን አጣ። በየወሩ ይደፈናል፣ ውሃው ወደ ላይ ይመለሳል። አሻግሬም በየወሩ ሽቦውን ይዞ ይመጣል፣ ፍል ውሃ ያስደፋል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ጥፋቱ የእኔ ነው እያለ የድካሙን ተቀብሎ አያውቅም።

ጦርነቱ ሲመጣ አርዲቦ አክስታችን ዘንድ እንደሸሸን፣ እማዬም እዚያ ማለዳ ወደ ቁጥቋጦው ወጥታ ስትመለስ ወድቃ ዳሌዋን እንደተሰበረች ታውቂያለሽ። ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ የእማዬ ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሽንት ቤቱን ብዙ ሰው ያለ ውሃ ሲጠቀምበት ከርሞ፣ ጨርቅና ፌስታል ታጭቆበት አገኘነው። እነማን እንደሆኑ ልጠይቅም አልፈለግሁም። በእጄ አወጣሁት። አሻግሬን ፍለጋ ብሄድ ቤቱ ተዘግቷል፤ ሚስቱን ሊያመጣ ወደ ኮምቦልቻ እንደወጣ አልተመለሰም። ወሬው ብዙ ነው፣ አየሁት የሚል ግን እስከ ዛሬ የለም።

ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እማዬ መቀመጥ እንጂ ቁጢጥ ማለት አትችልም። መቀመጫው በተደፈነ ቁጥር ፖፖ እናቀርብላታለን፣ የምትደፋው መስኡዳ ናት። መስኡዳ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችም፤ እማዬ ግን በልጄ ሚስት እጅ እያለች ታለቅሳለች። ታዲያ መላ ያለችው ምን መሰለሽ? ውሃ አለመጠጣት። ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ፣ ማታ ግማሽ፣ በቃ። ደሴ ያለው ሐኪም ኩላሊቷ እየደከመ ነው፣ ውሃ ካልጠጣች መድኃኒቱ ብቻውን ምንም አያደርግላትም አለን። እኔ ብቆጣ፣ መስኡዳ ብታባብል፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

በመጨረሻ ሙነወርን አመጣሁት፤ ጅዳ የቧንቧ ሥራ ሲሠራ ኖሮ የመለሱት ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ አየና፣ ቱቦውን እንደገና ለመቅበር በእማዬ ክፍል ሥር መቆፈር አለበት፣ ከተቆፈረ ያ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይወርዳል አለኝ። ሌላው መፍትሔ መቀመጫውን ወደ ጥንቱ መመለስ ነው፤ ወደ ቂብላ። ሼህ ዘይኑልአቢዲንን ጠየቅኋቸው። በግድግዳ ከተከለለ የፈቀዱ ዑለማዎች አሉ፣ ለታመመ ሰው ደግሞ ዲኑ ገር ነው አሉኝ፤ ቤት ድረስ መጥተውም ለእማዬ ነገሯት። አዳመጠቻቸው፣ እጃቸውን ሳመች፣ ሲወጡ ግን እንዲህ አለችኝ፦ "ለእሳቸው ኪታቡ ይፍቀድላቸው። እኔ ዕድሜ ልኬን የሰገድኩበትን አቅጣጫ እንዲያ ሆኜ አላየውም፤ አላህን አፍራለሁ።"

ኢቲሳም፣ ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ እማዬ አራት ቀን ደሴ ሐኪም ቤት ስትተኛ ሙነወርን ጠርቼ መቀመጫውን አስመለስኩት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ መስኡዳ ይዛ ታስቀምጣታለች፣ አታውቅም አልኩ። ስትመለስ አዞራችሁት እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ቱቦው ብቻ ነው የተቀየረ አልኳት። በአላህ በል አለችኝ። ወላሂ አልኩ። አፌን ምንም አልያዘኝም።

አሥራ ሁለት ቀን እንደ ሰው ኖርን። ውሃው አንዴ ሲለቀቅ ጠርጎ ይሄዳል። እማዬ በቀን አንድ ጆግ ትጠጣ ጀመር፣ ፊቷ ወዛ፣ ራህማን መቆጣት ሁሉ ጀመረች። እኔም ውሸቴን እንደ ጥሩ ሥራ እቆጥረው ጀመር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን እዚያው ተቀምጣ ሳለ የዝሁር አዛን ወጣ። መስጊዱ ከቤታችን በወልድያ በኩል መሆኑን ታውቂያለሽ። ወጥታ አልጋዋ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ጠራችኝ። "አዛኑ በቀኝ ጆሮዬ ነበር የሚመጣ" አለች፣ "ዛሬ ከፊቴ መጣ።" ቆጣ ብትል፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ለሶላት የምታጠብበትን ውሃ አምጣ አለችኝ፣ አመጣሁላት።

ማግስቱ ሰኞ ነበር፤ ጾማ ዋለች። ለጎረቤት የረጀብ ጾም ነው ትላለች። ለእኔ ግን ያስማልኩህ እኔ ነኝ፣ ወላሂዋን በሐሰት ያስወጣሁብህ እኔ ነኝ፣ የሐሰት መሐላውን ማስተሰረያ፣ ከፋራውን ሦስት ቀን እጾማለሁ አለችኝ። የማለው እኔ፣ የምጾመው እኔ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አንተም ጹም፣ ያንተ ለአንተ ነው አለችኝ። ሼሁ የልጅሽ መሐላ አንቺን አይዝሽም ቢሏት፣ እንደ በፊቱ እጃቸውን ሳመች። ውሃ እንድትጠጣ የዋሸሁት ውሸት፣ የጠዋቷን ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አስቀረባት። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እግሯ አብጧል፣ መቀመጫውን ትታ የተመለሰችበት ፖፖም ከትናንት ጀምሮ ደረቅ ነው። ነገ ደሴ እንወስድሻለን ስላት ተዉኝ ትላለች። በግድ ተሸክሜ እወስዳታለሁ፤ ሐኪሙ ምን እንደሚለኝ ግን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። መቀመጫው እንደ አዲስ ይሠራል፣ እኛም አፍረን አንገባበትም።

ምን አድርጊ ልበልሽ? እዚያ ሆነሽ የምታደርጊው የለም። ብቻ ስትደውይ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ፤ ድምፅሽ ሲደርሳት ደስ ይላታል።

መስኡዳ ሰላም ትልሻለች፣ እኔን፣ አትሙቺብኝ በላት ብላኛለች። ራህማ የላክሽላት ጫማ ጠቧታል፣ ግን አላወልቅም ብላ እያነከሰች ትሄዳለች፤ ጉንጭሽን ስማለች። አክስታችንም ከአርዲቦ ዱዓ አድርጋልሻለች። እማዬ የብዕሩን ድምፅ ሰምታ ምን ትጭራለህ አለችኝ። ለኢቲሳም ሰላምታ ነው አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ አለች፦ "ያሠራሽልኝ ሽንት ቤት ማሻአላህ ደህና ነው፣ ቀን ከሌት እገለገልበታለሁ፣ አላህ እጅሽን አይንሳኝ።" እንዳለችው ጽፌልሻለሁ።

ወንድምሽ አብዱልመናን
ሐይቅ፣ ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.