ሳርህ ዘር ያዘ

ውድ ባለቤቴ ሙላቱ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጥሩ ነገር ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ፤ ብቻ እንዳትቆጣ።

ቤታችን ደህና ነው፤ አሁንም በስደት እዚያው ሳውዝ ሲ ሰፈር ነን። ልጅህ ማርታ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ጀምራ በስዋሂሊ ትጨርሳለች፤ ስቆጣት «ፖሌ ማማ»፣ ይቅርታ እማዬ፣ ብላኝ ትስቃለች። አገር ቤት ደርግ እንዳለ ነው፣ በሞያሌ በኩል የሚመጣውም ሰው አልቀነሰም።

ወደ ሳርህ ልምጣ። አገር ቤት ከምትሠራበት የምርምር ጣቢያ ስትሸሽ ልብስህን ትተህ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ያመጣኸው ያ አንድ እግር የመኖ ሳር። በየዓመቱ ሲያብብ ዘለላውን በወረቀት ከረጢት ትሸፍነው ነበር፤ የራሱን የአበባ ብናኝ የሚቀበል አንድ ዘለላ ባገኝ እያልክ። ከረጢቱን ስትከፍተው ሁልጊዜ ገለባ ብቻ። እኔም ከኋላህ ቆሜ እስቅብህ ነበር።

ስትሞት ሳሩም ተከትሎህ እንዳይሄድ ፈራሁ። አንድ ፍየል ብትገባ ታሪኩ ያልቃል። ስለዚህ ሥሩን ከፋፍዬ በአሥራ ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ተከልኩት፤ ሲበዙ እርስ በርስ ይዋለዳሉ ብዬ። ሁሉም አበቡ፣ ሁሉም ባዶ። ውኃ አንሷቸው መስሎኝ ማርታ የታጠበችበትን ሳይቀር አጠጣኋቸው። አንድ ቀን ቆርቆሮዎቹ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለሳሩ ይሁን ለአንተ እኔም አላውቅም።

በዚህ ከተማ ያንን ሳር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ተሾመ። አዎ፣ ተሾመ። ከጣቢያው አብሮህ የወጣው፣ ከዚያ በፓርቲ ነገር ተኳርፋችሁ አምስት ዓመት ሰላምታ የተነፋፈጋችሁት። ቀብርህ ላይ ሲመጣ እኔም ፊቴን አዙሬበት ነበር። አንዱን ቆርቆሮ ታቅፌ፣ ማታቱ ተሳፍሬ ፓርክላንድስ ድረስ ሄድኩ። በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን ሳሩን ነው። እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀሰ።

ጓሮው ውስጥ የእሱም አንድ እግር ሳር ቆሟል፤ ከዚያው ማሳ፣ ከሌላ ረድፍ የነቀለው። እሱም ከረጢት አልብሶታል። እሱም ገለባ ሲለቅም ነው የኖረው።

አስቀምጦ አስረዳኝ። ሥሩን ብከፋፍለውም አሥራ ሁለቱ ያው አንዱ ሳር ናቸው አለኝ። ሳሩ እናንተ ጂን የምትሏቸው ሁለት መለያዎች አሉት፤ የመጣው ብናኝ በሁለቱም ከአበባዋ ጋር ከተመሳሰለ የራሴ ነው ብላ ትመልሰዋለች፣ በአንዱ እንኳ ከተለየ ታስገባዋለች። የጎደለው ከሌላ ዘር የበቀለ ጎረቤት ብቻ ነበር። ይሄኔ ደሜ ፈላ። ሁለታችሁም ታውቁ ነበር! እሱም እንደ አንተ አንድ እግር ይዞ እንደወጣ እያወቅህ፣ የተሾመን ደጅ ከመርገጥ ተፈጥሮን ማሳመን ቀለለህ? ግትር! እኔም ካንተ አልሻልም፤ ቀብርህ ላይ ላደረግሁት ይቅርታ ጠየቅሁት።

ዝናቡ ሳይጀምር የእሱን ሳር አምጥቶ ከአንተው ሳር አጠገብ አኖረው። ሲያብቡ ከረጢት አላለበስናቸውም፤ ነፋሱ እንደፈለገ ያድርግ አልን። ባለፈው ቅዳሜ ማርታ አንድ ዘለላ በመዳፏ አሽታ እፍ ስትልበት ገለባው በነነ፣ ጥቃቅን ፍሬ ቀረ። እልል አልኩ። ጎረቤቶቻችን ሠርግ መስሏቸው ወጡ።

ዘሩን ፖስታ ውስጥ ከተን ስም ስንጽፍበት ተሾመ የእናትየው ወገን ይቅደም፣ ደንቡ ነው አለ። ፍሬው የተለቀመው ካንተ ሳር ስለሆነ የአንተ ስም ቀደመ፣ የእሱ ተከተለ። መንገዱ ሲከፈት አገር ቤት ወስጄ እዘራዋለሁ፤ እኔ ባልደርስ ማርታ ትዘራዋለች። ከእንግዲህ ስምህን ባነሳሁ ቁጥር የእሱንም አብሬ አነሳለሁ። ሳትታረቅ ሄድክ፤ እኔ እስካለሁ ግን እንደ ተኳረፈ ሰው አትታወስም።

ባለቤትህ ዘነበች