በሟች ስም ለደረሰን የሦስተኛ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የተሰጠ መልስ

ለተከበሩ የፋብሪካው የሰርቪስ ስምሪት ክፍል ኃላፊ
ቂሊንጦ

ጉዳዩ፦ ለልጄ ለሙንታሲር ሙሀመድሁሴን የላኩትን ማስጠንቀቂያ ስለመረከቤ

የተከበሩ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ልጆችዎስ ደህና ናቸው? ሁሉም በየምሽቱ በሰዓታቸው እንዲገቡልዎ ዱዓ አደርጋለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በልጅ አይቀለድም።

እኔ ሞሚና ያህያ እባላለሁ። ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ፋብሪካዎ ሠራተኛ ያመላልስ የነበረው የሰባት ቁጥር ሰርቪስ ሾፌር እናት ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ወስዶብኛል፤ ለመዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እርስዎ ግን አልዘገዩም። ልጄን በቀበርን በአራተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ገና ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ተላላኪ “የሦስተኛ ጊዜና የመጨረሻ” የሚል ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። ከሥሩ “ተቀባዩ ፈርሞ ይረከብ” ይላል። ሰውየው አፍሮ ጫማውን እያየ ቆመ። ሳያስፈርም ቢመለስ እንደሚቀጣ ሲነግረን እኔ ፈረምኩለት። በእኛ ቤት ሰው በሌላው ጥፋት አይቀጣም።

ደብዳቤዎ ልጄ “ያለ ፈቃድ ከመስመር ወጥቶ የድርጅቱን ንብረት ለቃጠሎ ዳርጓል” ይላል። እሱም በዚያው ቃጠሎ መሞቱን ግን አይጠቅስም፤ ወረቀቱ ጠብቦዎት እንደሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ የቀረውን እኔ ልሙላልዎ፤ ምስጋናዬንም፣ በቢሮ እንዲህ እንደሚወደድ ስለሰማሁ፣ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ሞተር እንዳይጠፋ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሠራተኛው ሲወጣ ሰርቪሱ ዝግጁ ሆኖ እንዲያገኘው በማሰብ፣ ሰባቱም አውቶብሶች በር ላይ ተሰልፈው፣ ቆመው ሞተራቸው በሚኒሞ፣ ማለት በዝቅተኛው ኃይል፣ እየሠራ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲጠብቁ አድርገዋል። ልጄ ራት ላይ ሲያስረዳኝ፣ “እማ፣ በደንብ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል” ይለኝ ነበር። ከአውቶብሱ ሥር ጥቀርሻውን የሚያስቀር ማጣሪያ አለ። የቀዝቃዛ ሞተር ጥቀርሻ በዘይት የራሰ፣ የሚጣበቅ ስለሆነ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። የሚጸዳውም በራሱ በሞተሩ ሙቀት ነው፤ አውቶብሱ በረጅም መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆም ከሮጠ ጭሱ ይግላል፣ የተጠራቀመውም ቀስ እያለ ነድዶ ያልቃል። ከገላን ቂሊንጦ ግን ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ እሱም በየማቆሚያው እየቆሙ ነው። ይህን ሁሉ ስድስተኛ ክፍል የቀረሁት እኔ ከገባኝ፣ ለእርስዎ ማስረዳቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ።

2. ለቀድሞዎቹ ሁለት ማስጠንቀቂያዎችም አመሰግናለሁ። ማጣሪያው መደፈኑን የሚናገር ቢጫ መብራት ሲበራ፣ ልጄ ሠራተኛ አውርዶ ባዶውን አውቶብስ በፈጣን መንገዱ ወደ ደብረ ዘይት አስሩጦት ይመለስ ነበር። እርስዎ በየአውቶብሱ መከታተያ አስገጥመው፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ደረሱበትና “ናፍጣ በማባከን” ብለው ሁለት ጊዜ ጻፉበት። ፈቃድ የጠየቀባቸው ሦስት ማመልከቻዎች ቅጂ እኔ ዘንድ አለ፤ የእርስዎ መልስ የለም። እንዳልዋሽ ግን አንድ መልስ ሰጥተዋል፤ መብራቱ ሾፌሮቹን እንዳያስጨንቅ አምፖሉ እንዲነቀል አዘዋል። በሽተኛ እንዳያቃስት አፉን ማፈን ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ከመስመሩ አልወጣም። እንዳይወጣ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ከተጻፈብህ ትባረራለህ፣ እባክህ አለቃህን ስማ አልኩት። ይህን በእርስዎ ላይ አልቆጥረውም፤ ይህ የእኔ ነው።

3. ሦስተኛውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ብዕሩን እያነሳሁ አስቀምጫለሁ።

በዚያ ሐሙስ ጠዋት አውቶብሱ ጉልበት አጥቶ ዳገት ላይ ቀረ፤ ሠራተኞቹ የቀረውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ። ልጄ እንደ ምንም አስነስቶት፣ ሊረዳው የመጣውን የሦስት ቁጥሩን ሾፌር ወንድዬን ይዞ፣ ወደ ፈጣን መንገዱ ወጣ። የሁለት ወሩ ጥቀርሻ ማጣሪያው ውስጥ መንደድ እንደጀመረ እርስዎ ደወሉ። ወንድዬ እንደነገረኝ ልጄ፣ “ጋሼ፣ አሁን አይቆምም፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ” አለ። እርስዎም፣ “አቁም ስትባል አቁም!” አሉት።

አቆመ። ከአስፋልቱ ወጥቶ ደረቅ ሣር ላይ አቆመ፤ ሞተሩንም እንደ ትእዛዝዎ አላጠፋም። ሞተር በኃይል ሲሮጥ የሚወጣው ጭስ የማጣሪያውን ሙቀት ይዞለት ይሄዳል፤ በድንገት ወደ ሚኒሞ ሲወርድ ግን ሙቀቱን የሚወስድለት የለም፣ እሳቱ እዚያው ማጣሪያው ውስጥ ይጋጋማል። ሣሩ ተያያዘ። ወንድዬ “ተወው፣ ይቃጠል!” እያለ እጁን ቢይዘው፣ አስለቅቆት የእሳት ማጥፊያውን ይዞ ከሥሩ ገባ። “ሦስተኛ ይጽፉብኛል” አለው። ከልጄ አፍ የወጣ የመጨረሻ ቃል ይህ ነው፤ ቃሉንም አከበሩለት፣ ጻፉበት።

የተከበሩ ሆይ፣ ካሳ አልጠየቅሁም። “ከመስመር ወጥቶ” የሚለውን ብቻ ከስሙ ላይ ያንሱልኝ። ልጄ የሞተው እርስዎ ቁም ያሉት ቦታ ላይ ቆሞ ነው።

ለናፍጣዎ የሚጠነቀቁትን ያህል አላህ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይጠንቀቅልዎ እያልኩ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ማስጠንቀቂያዎን አንብባና ፈርማ የተረከበች፣
ልጇን ግን ፊቱን ሳታይ የተረከበች፣
ሞሚና ያህያ
አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም

ግልባጭ፦
ለቀሩት ስድስት ሾፌሮች
ለእናቶቻቸው

ማሳሰቢያ፦ የስድስቱም አምፖል እንደተነቀለ ነው። ትናንት ጠዋት የወንድዬ አውቶብስ በደጄ ሲያልፍ ዳገቱን እያቃሰተ ነው የወጣው። እናቱ ፈለቀች ጎረቤቴ ናት፤ በለቅሶዬ ሰሞን አጠገቤ ተኝታ የሰነበተችው እሷ ነች። እባክዎ ለልጇ የግማሽ ሰዓት መንገድ ይፍቀዱለት። ካልሆነም፣ ለፈለቀች የሚደርሰውን ማስጠንቀቂያ በእኔ በኩል ይላኩት፤ እኔ መፈረሙን ለምጄዋለሁ።