የማትዞረዋ ቁልፍ

ልዑሌ፣

ካሜራው ትራስህ ስር ነው፤ ፊልም የለውም። ስታስገባ የፊልሙን ጫፍ ማጠንጠኛው ውስጥ ጠበቅ አድርገህ ሰካው። ክዳኑን ከዘጋህ በኋላ ፊልሙን አንዴ ስታሳልፈው በግራ በኩል ያለችውን ክብ ቁልፍ እያት። አብራ ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም። ቆጣሪውን እንዳታምነው፣ እሱ ባዶውንም ይቆጥራል።

ዛሬ አንተ ሂድ። እኔ በቃ ደክሞኛል፣ ካዛንቺስ እህቴ ጋ ነኝ። ሦስት ሰዓት፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ። እነ ወይዘሮ ጀማነሽ ለፎቶ ብለው ብቻ ልጁን የክርስትና ልብሱን እንደገና ያለብሱታል። አድጓል፣ ይጠበዋል፤ ቢያለቅስ ታገሰው።

የክርስትናው ቀን ቁልፏ እንደማትዞር አራተኛው ፎቶ ላይ አይቻለሁ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ክርስትና አባቱ ልጁን ታቅፎ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እኔን ያያል። እንዴት ብዬ "ቆዩ" ልበል? ሠላሳ ስድስት እስኪሞላ ዝም ብዬ ባዶውን አነሳሁ።

ምስር ወጥ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ወይዘሮ ጀማነሽ ፊት ቢነሱህ፣ "ፊልሙን ያስገባው ልዑልቃል ነው" ብዬ ዋሽቻቸው ነው።

ፊልም ማስገባት ያስተማርከኝ አንተ መሆንህን እነሱ አያውቁም።

ሃበን