ገላን በጭቃና በገለባ ያከበሩት የእትዬ ጭቃ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ጭቃ» እያለ የሚጠራቸው ውድ እናታችን ከልብስ አጣቢ እናታቸውና ከድልድይ ጠባቂ አባታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ባዕዳን ሚስዮናውያን በከፈቱት የሴቶች ትምህርት ቤት ገቡ። በ1949 ዓ.ም. አንድ የባዕድ ሐኪም መጥቶ ተማሪዎቹን አሰልፎ ራሳቸውን፣ አፍንጫቸውንና ወገባቸውን በሜትር ለካ፤ ቁጥሩንም ጮክ ብሎ እያነበበ በመዝገብ አስጻፈ። የእናታችን ተራ ሲደርስ መምህራኑ ሳቁ። እሳቸውም በማግስቱ የአባታቸውን ካፖርት ደርበው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ያለ ሰፊ ልብስ ደጅ አይወጡም ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ልብስ ስፌት ተምረው ሱቅ ከፈቱ፤ በዓመቱም ከአናጢው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ደንበኛ የሚለኩት በሲባጎ ነበር። ቋጠሮ ያስራሉ እንጂ ቁጥር ከአፋቸው አይወጣም። የትኛው ቋጠሮ የማን ወገብ እንደሆነ ለአባታችን እንኳ ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

በ1989 ዓ.ም. ሱቁን ለታናሽ እህታችን አስረክበው የሴቶችን ገላ በቁመቱ ልክ መሥራት ጀመሩ። የሚሠሩት በጭቃ፣ በገለባ፣ በተነከረ ወረቀትና በዱቄት ሙጫ ብቻ ነው። ደንበኞቻቸው ከነቦርጫቸው፣ ከነጠባሳቸው ወደው ይቆሙላቸው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግቢ ያቆሙትና ዝናብ እስኪያፈርሰው ይተዉታል። አንድ ሙዚየም ቫርኒሽ ቀብቶ ሊያስቀምጥ ቢጠይቃቸው «የእኛ ገላ በሰው መዝገብ የተቀመጠው ይበቃዋል፤ ይሄስ ወደ አፈሩ ይግባ» ብለው መለሱለት።

የራሳቸውን ገላ ግን ሊሠሩት አልቻሉም። «እጄ እምቢ አለኝ» ይሉ ነበር። በዚህ ዓመት መስከረም የጉበት ሕመም ሲጸናባቸው፣ ሐኪሙ ይረፉ እያላቸው፣ መስታወት ፊት ቆመው ሠሩት፤ ከነሆዱ፣ ከነዳሌው። ከግቢው በር አጠገብም አቆሙት።

ይህን የምጽፈው እኔ የበኩር ልጃቸው ግን ጠያቂ ሲበዛ አፈርኩ፤ አንሶላ አለበስኩት። በመስኮት አይተው «በርዷት ነው?» አሉኝ። ስቄ አለፍኩ። ደግመውም አላነሱብኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው እያለቀስን እንሸኛቸዋለን። የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን እቅፉ ውስጥ ያሳርፍልን።

ዛሬ ጠዋት አንሶላውን አንስቻለሁ። ከቀብር መልስ ወደ ቤት ስትገቡ በሩ አጠገብ ታገኟቸዋላችሁ። ዓይናችሁን አትስበሩ፤ ቀና ብላችሁ ሰላም በሏቸው፤ እናታችን ናቸው።