የሞተሯን ዘይት ራሴ አቆማለሁ ብዬ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሕሊና፤
ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የእህል ፍላጎትሽ እንዴት ነው? ባልሽ ቴዎድሮስ ደኅና ነው? ልጅሽ እህተ ማርያምስ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ እናቷ በምላስ ብቻ ነው የምትናከሰው? ባለፈው የላክሽውን ፎቶ አክስትሽ አቻምየለሽ አይታ «ከሳችብኝ» ብላ አለቀሰች፤ እኔም «አልከሳችም፣ በሙቀቱ ቀልጣ ነው» ብዬ አጽናናኋት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከብቶቹም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆነችው የጭነት መኪናዬ ናት። በስልክ ብነግርሽ ገና ከመነሻው ስትስቂ ካርዱ ያልቅብኛል ብዬ ነው መጻፌ።

ከጥር ማርያም ማግስት ጀምሮ መኪናዋ የሞተር ዘይት ታንጠባጥብ ጀመር። በቆመችበት ሁሉ ጥቁር ክብ ትታ ትነሣለች። ደምበጫ ሻይ ልጠጣ ሳቆማት የሻይ ቤቷ ባለቤት እኔን ሳትጠብቅ አሸዋ በባልዲ ይዛ መውጣት ለመደች። ስለዚህ ቡሬ ወሰድኋት። እዚያ እንዳለው የሚባል መካኒክ አለ፤ በዚህ መንገድ የናፍታ ሞተር የታመመበት ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚሄደው። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓ የምንለውን ፈታና ዘይት እንዳያመልጥ በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ለወጠልኝ። ሳምንት ሳይሞላ አንጠበጠበች። መልሼ ወሰድኋት፤ መልሶ ለወጠ። አሁንማ ከታችም ከላይም ጀመራት።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ግቢው ሾፌር ሞልቶት ነበር። እንደ ልማዴ ልቀልድ ብዬ «አንተ ሰው፣ እጅህ ነው ወይስ መፍቻህ ነው የዞረበት?» አልሁት። እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ ገነነ፣ የሠራሁትን እቤትዎ ወስደው ይነካካሉ። ፊደል ያለ አስተማሪ ቆጠርሁ ብለው ሞተርም እንደዚያው መሰለዎት። ለእርስዎ በቅሎ ይበቃዎት ነበር» አለኝ። ሾፌሮቹ ሳቁ። የአንዱማ ሻይ በአፍንጫው ወጣ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በሰው ፊት፣ ወደ በቅሎ የተመለስሁት ያን ዕለት ነው።

እኔ ቂም የምይዘው እየሳቅሁ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። አብሬያቸው ስቄ ወጣሁ። እቤት እንደ ገባሁ ግን «ሞተሯን ራሴ እጠግናታለሁ፤ የእሱንም ስም አፈርሰዋለሁ» ብዬ ማልሁ። አቻምየለሽ «መጀመሪያ የቱን?» ብትለኝ «ስሙ ይቀላል» አልኋት።

ቀለም ቀቢ ጠርቼ ከመኪናዋ ጀርባ «ያቆሰለኝን ቡሬ ጠይቁ» የሚል አስጻፍሁ። ከኋላዬ የመጣ ሾፌር ሁሉ ያነባል፤ ያነበበ ሁሉ ቆም ባልሁበት ይጠይቀኛል። እኔም መሐላዬን እየነገርሁ በየጠያቂው ትንሽ ትንሽ ጨመርሁበት። ደምበጫ ላይ «እንዳለው ዓይኑ ደክሟል» አልሁ፤ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ዓይኑ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። ሊበን እህል ልጭን ስሄድ ሦስት ሞተር ገድሏል አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና በዕድሜዬ እንደዚያ ጣፍጦኝ ያወራሁት ወሬ የለም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግቢው ባዶ ቀረ። ሆን ብዬ በበሩ እያለፍሁ ጥሩንባ እነፋለት ነበር። አንድ ቀን በርጩማ ላይ ብቻውን ተቀምጦ መፍቻዎቹን ሲወለውል አየሁትና ያን ቀን እራቴን እስኪበቃኝ በላሁ።

ስሙን ከጨረስሁ በኋላ ሞተሯ ቀረች። ራሴ ልንካት ወይስ ፍኖተ ሰላም ለሌላ መካኒክ ልስጣት እያልሁ ሰነበትሁ። ኮፓ መፍታትስ አይከብደኝም። ግን ሳላውቅ አበላሽቼ ዘይቷ መንገድ ላይ ቢያልቅ ሞተሯ ደርቃ ትሞታለች፤ ያለ እሷ ደግሞ የቤታችን እንጀራ የለም። ፍርሃቴን ያሸነፈው ዕውቀቴ እንዳይመስልሽ፤ ቂሜ ነው። ሰኞ ጠዋት ሞተሯን በናፍታ አጥቤ አደረቅሁና አስነሥቼ ከሥሯ በመስተዋት አየሁ። ዘይቱ ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ እንደሚያልበው ሰው በየመጋጠሚያው ይወዛ ነበር። የዘይት መሙያውን ክዳን ብከፍት ታፍኖ የኖረ ትንፋሽ ፊቴ ላይ ተፋብኝ። ሞተር ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ የሚወጣበት ቱቦ አለው። ቱቦው ከተደፈነ ትንፋሹ ዘይቱን በየስፌቱ እየገፋ ያስወጣዋል። ቱቦውን በእጄ እየዳሰስሁ ወደ ጫፉ ወረድሁ። ጫፉ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎበታል።

የወተፍሁት እኔ ነኝ። ለጥር ማርያም ንግሥ የሰበካችንን ሴቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ስጭናቸው ያ ቱቦ የዘይት ጭስ ይተፋ ነበር፤ የአቻምየለሽን የቀሚስ ጫፍም አጠቆረው። ለታቦት የተለበሰ ልብስ በእኔ መኪና አይቆሽሽም ብዬ ከመንገድ ዳር ማሳ ቆረቆንዳ አንሥቼ ደፈንሁት። ሴቶቹ እልል ብለው መረቁኝ፤ እኔም በምርቃቱ ሰክሬ ረሳሁት።

ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ብዙ አሰብሁ። ቆረቆንዳውን ብጥለው ማንም አያውቅም። መኪናዋ ትድናለች፤ እኔም ራሴ ጠገንኋት እላለሁ፤ በቅሎ ይበቃዎታል ያለኝም ግቢውን ዘግቶ ይሄዳል። ላንቺ አልደብቅም፣ ይህ አሳብ ቀኑን ሙሉ እንደ ማር ሲጥመኝ ዋለ። በማግስቱ ግን የንስሐ አባቴ ቄስ ክንፈሚካኤል ሊጎበኙን መጡና አፌ አላስችል ብሎኝ ነገርኋቸው። «ልጄ፣ እሱ በቅሎ ይበቃሃል አለህ፤ አንተ እንጀራውን ዘጋህበት። እኩል ናችሁ?» አሉኝ። «አይደለንም አባ፤ ግን የጀመረው እሱ ነው» ብላቸው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ። መቶ ስግደት ቢያዙኝ ይሻለኝ ነበር።

ጽሑፉን በቤንዚን ፍቄ ትናንት በገበያ ቀን ቡሬ ሄድሁ። ሾፌሮች በተሰበሰቡበት ቆረቆንዳውን ለእንዳለው ሰጠሁትና የሆነውን አንድ በአንድ ተናገርሁ። ይሰድበኛል ብዬ የምመልሰውን ስድብ መንገድ ላይ አሳምሬ መጥቼ ነበር፤ አልሰደበኝም። ቆረቆንዳውን እያገላበጠ ቆየና ከግቢው በር ላይ ወንበር አኑሮ «ጋሼ ገነነ፣ አፍዎ ያባረራቸውን አፍዎ ይመልሳቸው። እስከ ፋሲካ በየገበያው ቀን እዚህ ተቀምጠው ላለፈ ላገደመው ይህንኑ ይንገሩ» አለኝ። ተቀመጥሁ። እስኪመሽ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ራሴን አማሁ። ሾፌሮቹ እየሳቁ ይገባሉ፤ ስወጣ ሁለት መኪና ግቢው ውስጥ ተፈትቶ ነበር።

በቀሉ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቱቦው ከተከፈተ ወዲህ የሞተሯ ላብ ቆሟል፤ ነገር ግን በሞተሩና ካምቢዮ በምንለው የማርሽ ሳጥን መካከል ያለውን የጎማ ቀለበት ታፍኖ የኖረው ትንፋሽ ቀድሞ ገፍቶታልና በዚያ በኩል ዘይቱ አሁንም ይወርዳል። እሱን ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ እኔ ደግሞ ካምቢዮ አውርጄ አላውቅም። ስሰናበተው አፍሬ «በል እንግዲህ ይችን ነገር አንተው ሥራልኝ» ብዬ ብለምነው «ይቅር ብዬዎታለሁ፤ መኪናዎን ግን አልነካም። ራሴ እጠግናታለሁ ብለው የማሉት በጎጃም ሁሉ ተሰምቷል፤ መሐላዎን አላፈርስብዎትም» አለኝ። ፍኖተ ሰላም ላሉት መካኒኮችም ደውሎ መሐላዬን እንዲያከብሩልኝ አደራ ብሏቸዋል። እንዲህ ያለ በቀል ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ኖሮ አጨበጭብለት ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ካምቢዮዋን አወርዳለሁ። እንዳለውም ሊያየኝ ይመጣል፤ አቻምየለሽም ለእሱ የጾም ምሳ ታሰናዳለች። ካምቢዮው ደረቴ ላይ ካልወደቀብኝ፣ ገጥሜም አንዲት ጠብታ ካላየሁ፣ እንዳለውን ከጎኔ አስቀምጬ ቡሬ ድረስ በጎርበጥባጣው መንገድ እመልሰዋለሁ፤ የበቅሎዬን አረማመድ ይየው።

ለቴዎድሮስ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ የራሱን ሞተር ብስክሌት እንዳይነካ ንገሪው። እህተ ማርያምን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽን ወይዘሮ ወለተ ሐናን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። አክስትሽም እህል ብዪ ብላለች። ለሐሙስ ጸልዩልኝ።

አጎትሽ ገነነ
ፍኖተ ሰላም
መጋቢት ፳፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.