የፌሮ ክርስትና ስም

እኔ ምን ላድርግህ ደረጄ? ራስህ «ፌሮው አብጧል» ስትል ስልኩ ተቋረጠ! እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ማህሌት፣ መድኃኔዓለም በሄደበት ሁሉ ይጠብቀው፣ ጉና ላይ ገብሱ ደርሷል በይው» ትለኛለች፤ ይኸው አልኩህ። አሁን ወደ ጉዳዩ። ፌሮ እዚያ ጅቡቲ አብሮህ የሚያድር ልጅ መስሏት፣ ቄስ ሚልኪያስን «ታሟልና ጸሎት ያዙለት» ብላቸዋለች። እሳቸውም ክርስትና ስሙን አምጪ አሏት!

«ኧረ እማዬ፣ ፌሮ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበር ብረት ነው! የባሕሩ ጨው ሰርጎ ገብቶ ያዝገዋል፤ ዝገቱ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ደረጄ ባለፈው ነግሮኛል» አልኳት።

«ጨው ሥጋን እንኳ እንዳይበላሽ ያደርጋል፤ ብረትን እንዴት ያበላሻል? ትምህርትሽን ባታቋርጪ ይኸን ታውቂ ነበር» አለችኝ። ንድድ አልኩ። ጨው ሥጋን ጠብቆ ብረትን ለምን እንደሚያበላሽ ግን እኔም አሁን ድረስ ግራ እንደገባኝ ነው።

ከዚያ «ያበጠው የቱ ጋ ያለው ብረት ነው?» አለች። ስልኩ ሊቋረጥ ሲል «ጣራችን» ያልክ መሰለኝ፤ ወደቡ ላይ የምትጠግኑት ይሁን የምትተኛበት ቤት አላወቅኩም። ይኸን ስነግራት ብድግ አለች። «ውጭ ይደር በይው! በጠባው ጡቴ ይዤዋለሁ!» እያለች ታለቅሳለች።

ይኸን የጻፍኩበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። እንዳየኸው ሳይመሽ ደውል፤ የየትኛው ጣራ እንደሆነ ለራሷ ንገራት። የምትተኛበት ከሆነ ግን መጀመሪያ ውጣ፣ ከዚያ ደውል!