ጓዳ ያልገባው ዋይፋይ

ደብረ ታቦር
ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለብርቱካን፤

በዚያ በሙቀት አገር ጤናሽን አምላክ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ ስናወራ እናትሽ ከጎኔ ሆና ስለምትሰማ ይህን በወረቀት ጽፌ ወደ ዱባይ ለምትመለሰው ለእመቤት ሰጥቻታለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

“የእማዬን ፊት ልየው፤ ዋይፋዩ ጓዳዋ ድረስ ይግባላት” ብለሽ የላክሽው ኤክስቴንደር በሰላም ደርሷል። እኔም እንደ ልጅ ቦረቅሁ። ዋይፋዩ ከሳሎን የማያልፈው በእኔው ግንብ ምክንያት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ሆኜ፣ የገዛ ቤቴን የጉና ብርድ እንዳይገባው ብዬ በወፍራም ጥቁር ድንጋይ ሠራሁት። ብርዱን ስከለክል ዋይፋዩንም አብሬ ከለከልኩት።

መጀመሪያ የሰካሁት ከእናትሽ ራስጌ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ነው። ለእሷ የመጣ ዕቃ ሌላ ቦታ ማድረግ ነውር መሰለኝ። ቀይ መብራት አበራ፤ ቀይ እንደሆነም ቀረ። ነቅዬ ሰካሁ፣ እንደ አዲስ ያስነሳዋል የተባለውን ቀዳዳ በመርፌ ወጋሁ፣ የይለፍ ቃሉን መነጽር አድርጌ ደጋግሜ ጻፍኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ጎረቤታችን አሰለፈችማ “ጠበል ልርጭበት” ብላ በኤሌክትሪክ ልትፈጀን ነበር።

ቢቸግረኝ ስልክ የሚጠግነውን ሙሉቀንን ለምኜ አመጣሁት። አይቶ ሳቀብኝ።

“ጋሼ ይርጋ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይዘዋል። ይኼ ዕቃ ያገኘውን ያሻግራል እንጂ ከራሱ አያመነጭም። ዋይፋዩ ሳይደክም ከሚደርስበት፣ ከመካከል ነው የሚሰካ” አለኝ።

ከሳሎኑ በር አጠገብ ሰካው፤ የጓዳውንም በር ከፍተን ተውነው። አረንጓዴ በራ! ከእናትሽ አልጋ አጠገብ ስልኩ ጥርት አድርጎ ያዘ። “ፈንታነሽ፣ ነገ ልጅሽን ታያታለሽ” አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

በማግስቱ ስትደውዪ ጠፍቶ ነበር። መብራት የሄደ መስሎኝ ነው “መብራት የለም” ያልኩሽ። ሰካሁት፤ ደግሞ ተነቅሎ አገኘሁት። በሽተኛ ሊጠይቁ የሚመጡት ሰዎች ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ የሚነቅሉት መስሎኝ ጮህኩባቸው፤ ተቀይመው የቀሩም አሉ። በኋላ አሰለፈችን እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። እሷም አለቀሰች።

“እኔ ምን ላድርግ ጋሼ? እትዬ ናቸው የሚያዙኝ” አለችኝ።

ገብቼ እናትሽን ተቆጣኋት። ጎንደር ያሉት ሐኪሞች “ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ” ብለው ከመለሱልኝ ወዲህ ክፉ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ “ይርጋ፣ ልጄ የምታውቀው የድሮውን ፊቴን ነው። ይኼን አይታ በሰው አገር ማን ያባብላታል?” አለችኝ። ቀጥላም፣ “ነይ ብለህ ከእንጀራዋ እንዳታፈናቅላት፤ በእመብርሃን ገዝቼሃለሁ” አለችኝ። ግዝት እንዴት ይጣሳል፣ ልጄ?

አሁን ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እሷን አስገድጄ ላሳይሽ አልችልም፤ አንቺንም መዋሸት ከበደኝ። ግንብ ቢሆን በመዶሻና በመሮ እበሳው ነበር። ለዚህ ግን መላ አጣሁለት፤ ሳሎንና ጓዳ እመላለሳለሁ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

የእናትሽ ምርቃት ይድረስሽ፤ እንቅልፍ ውስጥም ሆና ስምሽን ትጠራለች። እመቤታችን በጥላዋ ትከልልሽ፤ የአሠሪዎችሽንም ልብ ታራራልሽ። ከባሕር ዳር እዚህ ድረስ መንገዱ ሰላም ነው፤ መኪናም አይጠፋም።

እኔ ነይ አላልኩሽም። ስትደርሺ እናትሽ ከጠየቀችሽ፣ እንዲሁ በያት።

አባትሽ ይርጋ